ነዳጁን ሳይሆን ሥራውን ምረጪ

ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ መጥታ ደብረ ብርሃን አክስቷ ቤት የምትኖር የ20 ዓመት ወጣት ጽፋልኛለች። የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስዳ ማለፊያ ውጤት አልመጣላትም። አጎቷ “በብድር ባጃጅ ልግዛልሽ፣ ሹፌር ቀጥረሽ ገቢውን ሰብስቢ” ብለዋታል። ጓደኞቿ አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ አካውንቲንግ ተመዝግበዋል። ደላላ ደግሞ ስለ ዓረብ አገር እያወራላት ነው። እሷ ቴክኒክና ሙያ ገብታ ኤሌክትሪክ መማር ታስባለች፤ ልቧ ግን አልቆረጠም። ጥያቄዋ ይህ ነው፦ “ነዳጅ ዛሬ ይገኛል፣ ነገ ሰልፍ ነው። መብራት ይመጣል ይሄዳል። እናቴ አሁንም የምታነደው ኩበት ነው። ነገ በምን እንደምንኖር በማይታወቅበት ጊዜ ምን ብማር ነው ደህና ኑሮ የምኖረው?”

እህቴ፣ መጀመሪያ ውጤቱን ከራስሽ ላይ አውርጂው። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ እስከ 2017 ድረስ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ተማሪ በየትኛውም ዓመት ከመቶ አሥር አልሞላም። ብቻሽን አልወደቅሽም። ደግሞም ያ ወረቀት እጅሽ ምን መሥራት እንደሚችል አልጠየቀሽም።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ነዳጁ የማይጨበጥ መሆኑ እውነት ነው። ቤንዚንና ናፍጣችን ከውጭ በዶላር ተገዝቶ በጅቡቲ በኩል ይገባል። ሐምሌ 2014 ላይ መንግሥት ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ጀመረ። ሐምሌ 2016 ላይ ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከዚያ ወዲህ ማደያው ላይ የሆነውን ታውቂዋለሽ። ችግሩ ግን በእናንተ ትውልድ አልተጀመረም። በ1966 ዓ.ም. የዓለም ነዳጅ ዋጋ ሲንር እዚህም ቤንዚን ተወደደ። የካቲት ላይ የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች ሥራ አቆሙ። ያ አድማ የንጉሡን መንግሥት ካናወጡት ነገሮች አንዱ ሆነ። የዚያን ጊዜ የ20 ዓመት ልጆችም ሙያ ተምረው፣ ቤት ሠርተው፣ ልጅ አሳድገው ኖረዋል።

መብራቱስ? የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመርቋል። 13 ተርባይኖች፣ 5,150 ሜጋ ዋት። ደስ ይላል፣ ደስም ብሎኛል። ግን ግድቡ ያለው ጉባ ነው፣ ምጣዱ ያለው ደብረ ብርሃን። በመሐል ስንት ምሰሶ፣ ስንት ሽቦ፣ ስንት ትራንስፎርመር አለ። ኃይሉ ቢትረፈረፍም የሰፈርሽ ትራንስፎርመር ከተቃጠለ ጨለማ ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ የሚመጣ ስለሆነ ዝናብ ከቀረም ይሰማናል። ታሪፉም ከ2017 መጀመሪያ ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ ከፍ እያለ ነው። ስለዚህ “ከእንግዲህ ሁሉም በኤሌክትሪክ ነው” የሚልሽንም፣ “ይህ አገር መብራት አይኖረውም” የሚልሽንም አትስሚ።

እርግጠኛ ሆነሽ ልትይዥው የምትችይው ነገር ግን አለ። ሰው እንጀራ ይጋግራል። እህል ያስፈጫል። ሽንኩርቱን ያጠጣል። ስልኩን ቻርጅ ያደርጋል። ክትባት በቅዝቃዜ ይቀመጣል። ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ኅዳርና ታኅሣሥ ሲመጣ ሰው መሞቅ ይፈልጋል። ነዳጁ ይቀያየራል፤ ሥራው አይቀየርም። ሸዋ ሮቢት ወርደሽ ሽንኩርት የሚያጠጣውን ገበሬ ብትጠይቂው ፓምፑ በናፍጣ ይሥራ በሶላር ጭንቁ አይደለም። የሚያስጨንቀው ውኃው ቦዩ ጫፍ መድረሱ ነው። ውኃውን የተማረ ሰው፣ ማለትም ስንት ሜትር ከፍታ ይወጣል፣ ቧንቧው ምን ያህል ይሰፋል፣ በሰዓት ስንት ሊትር ያስፈልጋል የሚለውን ማስላት የሚችል ሰው፣ የናፍጣውም የሶላሩም ባለቤት ይፈልገዋል። የናፍጣ ሞተር ፈቶ መግጠም ብቻ የለመደው ግን ናፍጣ በጠፋ ቁጥር አብሮ ሥራ ይፈታል። እኔ ለወጣቶች የምለው ይህንን ነው፦ ከነዳጁ ጋር አትጋቡ፣ ከሥራው ጋር ተጋቡ።

አሁን አንድ ነገር ጠጋ ብለን እንይ። የአክስትሽን ምጣድ።

የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይበላል። በቤቱ ውስጥ እሱን የሚያህል በላተኛ የለም። ከሸክላው ሥር በተቦረቦረው መስመር ውስጥ የተጠመዘዘ ሽቦ ተኝቷል፣ በላዩ ጀሶ ተለስኖበታል። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ሲሰካ ከ220 ቮልት ወደ 180 ሊወርድ ይችላል። ትንሽ የቀነሰ ይመስላል። ሙቀቱ ግን ከቮልቱ ስኩዌር ጋር ስለሚሄድ አንድ ሦስተኛው ይጠፋል። ሊጡ ይፈስሳል፣ እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ አክስትሽም “ሊጡ አልቦካም” ትላለች። ሊጡ ምንም አልሆነም። ይህን የምታውቅ ባለሙያ ምጣዱን ከመፍታቷ በፊት ቮልቱን ትለካለች። ከዚያ “እማማ፣ ምጣዱ ደህና ነው፣ በማለዳ ጋግሪበት” ብላ ሳትነካው ትሄዳለች። በሚቀጥለው ጊዜ አክስትሽ ሌላ ሰው ትጠራለች? አትጠራም።

ሽቦው ከተበጠሰም ሁለቱን ጫፍ ጠምዝዞ ማገናኘት ቀላል ነው። ብዙ ጠጋኝ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የተገናኘበት ቦታ ግን ከሌላው በላይ ይግላል፣ ብዙም ሳይቆይ እዚያው ላይ ይበጠሳል። ሽቦውን በሙሉ ቀይሮ፣ ገመዱንና ስፒናውን አይቶ፣ የመሬት ሽቦ መኖሩን አረጋግጦ የሚሄድ ጥቂት ነው። ምጣድ 16 አምፔር የሚስብ ዕቃ ነው። ለአምፖል በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ሲሰካ ስፒናው ይቀልጣል፤ ባስ ካለም ቤት ይቃጠላል። እና ይህን ሁሉ ለመማር ዲግሪ አይጠይቅም። ጥንቃቄና ሐቀኝነት ይጠይቃል።

“ሴት ሆኜ ኤሌክትሪክ?” ብለሽ በደብዳቤሽ መጨረሻ በትንሹ ጠይቀሻል። እኔ በትልቁ ልመልስልሽ። ምጣዱ ያለው ጓዳ ነው። ባል በሌለበት የማያውቁትን ወንድ ጓዳ ማስገባት የማይወዱ እናቶች ብዙ ናቸው። ቀበቶዋ ላይ ቴስተርና ፒንሳ የያዘች ልጅ ስትመጣ ግን በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል። መጀመሪያ ላይ የሚያሾፍ አይጠፋም። የጠገንሽው ምጣድ ሳይበላሽ ሲሰነብት ዝም ይላል።

ሶላርን በተመለከተ፣ የኛ አገር ብርድ ይጠቅመዋል። ብዙ ሰው ሶላር ሙቀት የሚፈልግ ይመስለዋል። የሚፈልገው ብርሃን ነው፤ ፓነሉ ሲቀዘቅዝ እንዲያውም የተሻለ ይሠራል። ብርድና ጠራራ ፀሐይ አንድ ላይ ያለበት እንደ ደብረ ብርሃንና መንዝ ያለ ቦታ ተመራጭ ነው። ችግሩ ሐምሌና ነሐሴ ነው፣ ደመናው ሲከብድ። እዚህ ላይ ሻጭና ባለሙያ ይለያያሉ። ሻጩ ፓነል ሸጦ ይሄዳል። ባለሙያዋ ቤቱ በቀን ስንት እንደሚበላ ታሰላለች፤ ተራው የአሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች ከወረደ ቶሎ እንደሚሞት ለባለቤቱ ታስረዳለች፤ ፓነሉን ወደ ደቡብ ትንሽ ዘንበል አድርጋ ትሰቅላለች። በየገጠሩ ባትሪው ሞቶ ጣሪያ ላይ ብቻውን የቀረ ፓነል አይተሻል። እሱን ሁሉ ሥራ ብለሽ ቁጠሪው።

ስለዚህ ኤሌክትሪኩን ተማሪ። የደብረ ብርሃን ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ቅርብሽ ነው። ከመመዝገብሽ በፊት ግን ወርክሾፑን ግቢና እዪ። ሠልጣኙ ሞተር በእጁ ይፈታል ወይስ በሰሌዳ ላይ ተሥሎለት ያያል? ለትብብር ሥልጠና፣ ማለትም ድርጅት ውስጥ ለሚደረገው የተግባር ልምምድ፣ የት ነው የሚልኩት? ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ምዘና የሚያልፉት ስንቶቹ ናቸው? ብለሽ ተማሪዎቹን ጠይቂ፤ እነሱ እውነቱን ይነግሩሻል። እስከዚያ ድረስ ሞተርና ምጣድ የሚጠገንበት ቤት ካለ ጠዋት ጠዋት እየሄድሽ ዕቃ አቀብዪ። ብር አትጠይቂ፣ ዓይንሽን ግን አትንቀዪ።

አካውንቲንጉ ክፉ ትምህርት ሆኖ አይደለም። ጓደኞችሽ ስለሄዱ ብቻ መሄድሽን ነው የማልወደው። ለዓረብ አገሩ በደላላ በኩል እሺ አትበዪ፤ በሕጋዊ መንገድ የሄደችም ሴት ብትሆን ሙያ ይዛ የሄደችውና ባዶ እጇን የሄደችው እኩል አይከፈላቸውም።

ደህና ኑሮ ያልሽው ግን ከሙያ ይሰፋል፣ እሱንም ልናገር። ያደግሽበት መንዝ ይህን ነገር ከማንም በፊት ያውቀዋል። ጓሳ የሚባለውን የሣር ምድር ለመቶዎች ዓመታት ጠብቆ ያቆየው ሕዝቡ ራሱ ነው። መሬቱን ለዓመታት ይዘጋዋል፤ ሣሩ ሲደርስ ተመካክሮ ይከፍተዋል፤ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለማገዶ ይካፈለዋል። ለክቶ በመኖሩ ማንም አላፈረም። አንቺም ኑሮሽን እንደዚያ አድርጊው፦ ሳይጠፋ በፊት የምትለኪ፣ ሲጠፋ የማትሸበሪ።

በተግባር ምን ማለት ነው? ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ስላለች ውኃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው። ባቄላና ሽምብራ አልበስል እያለ ማገዶ የሚጨርሰው ለዚህ ነው። ማታ ዘፍዝፈሽ በፕሬዠር ድስት ብትቀቅዪው ጊዜውም ማገዶውም በእጅጉ ይቀንሳል። ፕሬዠር ከሌለ አፍልተሽ ድስቱን በባና ጠቅልዪው፤ በያዘው ሙቀት መብሰሉን ይቀጥላል። ስልክሽንና የእጅ ባትሪሽን መብራት ባለ ሰዓት መሙላት ልማድ ይሁንሽ። የወር ዕዳ አይብዛብሽ። መሣሪያ በዕቁብ ግዢ፤ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ናስትሮና ደህና መልቲሜትር ለመጀመሪያ ይበቃል። ዕድር ግቢ፣ ገና ልጅ ነኝ አትበዪ። መንገድ ተዘግቶ ዕቃ የማይገባበት ሳምንት ሲመጣ ሰውን የሚያኖረው ጎረቤቱ መሆኑን በዚህ ጥቂት ዓመት ሁላችንም አይተናል።

እናትሽም አይረሱ። ኩበቱ ሲነድ ማሳው ፍግ ያጣል፣ ጭሱም ዓይንና ሳምባቸውን ይጎዳል። ምርጥ ምድጃ የሚባለውን ታውቂዋለሽ፤ ከሲሚንቶና ከቀይ አሸዋ ወይም ፑሚስ ከሚባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በቅርጽ ማውጫ የሚሠራው፣ ምጣዱ ላዩ ላይ የሚቀመጥበት። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ ይቆጥባል። በመጀመሪያ ገቢሽ ለእሳቸው አንድ አስገቢላቸው። ጎረቤቶቻቸው አይተው መፈለጋቸው አይቀርም። ያኔ መሐል ሜዳ ላይ ሁለተኛ ሥራ አለሽ ማለት ነው፣ ያውም መብራት የማይጠይቅ።

የቀረው አጎትሽ ናቸው። ያሰቡልሽ በጎ ነው፣ አክብረሽ መልሺላቸው። ባጃጅ ገቢ አለው። ግን ቤንዚን በተወደደ ቁጥር፣ ከተማው የሰዓት ገደብ ባወጣ ቁጥር፣ ጎማና መለዋወጫ በጠፋ ቁጥር ይቆማል፤ የባንኩ ወለድ ግን አይቆምም። ሹፌሩን መቆጣጠርም ለብቻው ሥራ ነው። ዕዳውን ደግሞ አንቺ ሳትሆኚ እሳቸው ናቸው የሚፈርሙት። እንዲህ በያቸው፦ “ጋሼ፣ ለባጃጁ ቅድሚያ ክፍያ ካሰቡት ላይ ትንሹን ለመሣሪያና ለአንድ ዓመት የትራንስፖርት ያግዙኝ። ሲኦሲ ባልፍና ሥራ ብጀምር በየወሩ እየከፈልኩ እመልሳለሁ።” ቁጥሩን በወረቀት ጽፈሽ ይዘሽ ሂጂ፤ መልቲሜትሩ ስንት፣ ምዝገባው ስንት፣ በወር ስንት ትመልሻለሽ። ሽማግሌ ከለቅሶና ከልመና ይልቅ ሒሳብ ይዞ የመጣን ልጅ ይሰማል። እምቢ እንዳይሉሽ አክስትሽን አስቀድመሽ አማክሪ፣ እህታቸው ናትና ቃሏ ከእኔ ምክር በላይ ይከብዳቸዋል።