ዶክተር፣ ሥራውን ልተው ወይስ ትምህርቱን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ21 ዓመት ወጣት ነኝ፤ ጅማ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ የአካውንቲንግ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከአምና ጀምሮ በሳምንት ስድስት ቀን፣ ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት፣ መርካቶ አካባቢ ባለ ካፌ ካሸር ሆኜ እሠራለሁ። የቤት ኪራዬንና የትምህርት ክፍያዬን የምሸፍነው በዚሁ ነው። ቤት የምገባው 4 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ራቴን በልቼ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት አነብና ጠዋት 12 ሰዓት እነሣለሁ። ነቅቼ ለመቆየት በቀን አምስት ስድስት ስኒ ቡና እጠጣለሁ። ካለፈው መስከረም ወዲህ ራሴን ያመኛል፤ እሑድ አርፍጄ ስነሣ ደግሞ ይብስብኛል። በሳምንት አራት ቀን ያህል ዳይክሎፌናክ እወስዳለሁ። ጨጓራዬን ያቃጥለኛል፣ ልቤም አንዳንዴ ድው ድው ይላል። ያነበብኩት አይያዝልኝም። በዚህ ወር ብቻ ሁለት ጊዜ ሒሳብ ጎድሎብኝ ከደመወዜ ተቆርጧል። ትኩሳት የለኝም፤ ግን ሁለት ጊዜ ታይፎይድ ነው ተብዬ ታክሜ ለውጥ አላየሁም። ጓደኞቼ ለፈተና ሰሞን ጫት ብትቅሚ ይሻልሻል ይሉኛል፣ እናቴ ደግሞ ሥራውን ተዪ ትላለች። ምን ይመክሩኛል?
ተማሪዋ፣ ከጅማ

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ከሁሉ በፊት ዓይኔን የያዘው የጎደለብሽ ሒሳብ ነው። ሒሳብ የምትማር ልጅ በአንድ ወር ሁለት ጊዜ ካዝና ሲጎድልባት ሰው ግድየለሽ ናት ይላል። እኔ ግን እንደ አንድ የሕመም ምልክት ነው የጻፍኩት። ጠዋት 12 ሰዓት የተነሣ ሰው ምሽት 4 ሰዓት ላይ ብር ሲቆጥር 16 ሰዓት ነቅቷል። 17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው ትኩረቱና ፍጥነቱ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚቀራረብ ተለክቶ ታውቋል። አንቺ ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው ደብተር የምትገልጪው። ጠጥቶ እንደማንበብ ቁጠሪው።

አራት ሰዓት ትተኛለሽ። በአንቺ ዕድሜ የሚያስፈልገው ከ7 እስከ 9 ሰዓት ነው። ስለዚህ በትንሹ በቀን ሦስት ሰዓት፣ በስድስት ቀን 18 ሰዓት ትበደሪያለሽ፤ እሑድ እስከ ረፋድ ብትተኚም የምትከፍይው ጥቂቱን ብቻ ነው። ቀን ያነበብነውን አእምሮ አደላድሎ የሚያስቀምጠው በእንቅልፍ ጊዜ ነው። "አይያዝልኝም" ያልሽው ከዚህ ይመጣል። ሰነፍ ሆነሽ አይደለም።

ወደ ራስ ምታቱ ልምጣ። እዚህ ላይ ሦስት ነገር የተደራረበ ይመስለኛል። አንዱ የእንቅልፍ ማጣቱ ነው። ሁለተኛው ቡናው ነው። በሥራ ቀን 12 ሰዓት ተነሥተሽ ወዲያው ትጠጫለሽ፤ እሑድ ግን አርፍደሽ ስትነሺ ሰውነትሽ የለመደው ሰዓት አልፏል። ካፌይን የለመደ ሰው ግማሽ ቀን ወይም አንድ ቀን ሲቋረጥበት ራሱን ያመዋል፤ በጾም ሰሞን "ሱሴ ተነሣ" የምንለውም ይኸው ነው። ሦስተኛውን ደግሞ ብዙ ሰው አይጠረጥረውም፤ ራሱ ኪኒኑ ነው። በሳምንት አራት ቀን ማለት በወር ወደ 17 ቀን ነው። እንደ ዳይክሎፌናክ ያለ ማስታገሻ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከሦስት ወር ለበለጠ ጊዜ ሲወሰድ ራስ ምታቱን እየመለሰ የሚያመጣው እሱ ሊሆን ይችላል። ሕመሙ ኪኒን ይጠራል፣ ኪኒኑም ሕመም ይጠራል። ስታቆሚው ለጥቂት ቀናት፣ ምናልባትም እስከ ሁለት ሳምንት ሊብስብሽ ስለሚችል ፈተና ያለበትን ሳምንት አትምረጪ።

ጨጓራሽም ቢሆን ከዚሁ ኪኒን ጋር ይያያዛል። ዳይክሎፌናክ የጨጓራን መከላከያ ያሳሳል፤ በባዶ ሆድ ሲወሰድ፣ ላዩ ላይ ቡና ሲከለበስበት፣ ራትም ሌሊት 5 ሰዓት በልተሽ ቁጭ ስትዪ ማቃጠሉ አይገርምም። የግድ ማስታገሻ ካስፈለገሽ ፓራሲታሞል ይሻላል፤ እሱንም በሳምንት ከሁለት ቀን አታሳልፊ። በአገራችን ኤች ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያም ብዙ ሰው ላይ ስለሚገኝ በሰገራ ምርመራ ይታይልሽ። አንድ ማሳሰቢያ፦ ኦሜፕራዞል የተባለውን የጨጓራ አሲድ መቀነሻ እየወሰድሽ ከሆነ ከምርመራው ሁለት ሳምንት በፊት መቋረጥ አለበት፤ አለበለዚያ ባክቴሪያው እያለ የለም ሊል ይችላል።

ስለ ታይፎይዱ አጭር ነገር ልበል፤ በየጊዜው ያናድደኛልና። ታይፎይድ ዋና ምልክቱ ቀናት የሚቆይ ትኩሳት ነው። አንድ ጊዜ የተሠራ የዊዳል ምርመራ (ለታይፎይድ የሚደረገው የደም ምርመራ) ብቻውን በሽታው አለ አያሰኝም፤ ድሮ የያዘሽ ወይም ሌላ ኢንፌክሽን ውጤቱን ሊያሳየው ይችላል። ትኩሳት ሳይኖርሽ ሦስተኛ ዙር አንቲባዮቲክ አትውሰጂ።

የልብ ምቱ ከቡናውና ከድካሙ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ሁለት ነገር ሳይታይ አልተወውም። አንዱ የደም ማነስ ነው፤ ሄሞግሎቢንሽ ከ12 በታች ከሆነ ድካሙም፣ ራስ ምታቱም፣ የልብ ምቱም ከእሱ ሊመጣ ይችላል። ቡናና ሻይ ከምግብ የምናገኘውን ብረት እንዳይገባ ስለሚያደርጉ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ጠብቀሽ ጠጪ። ሌላው የታይሮይድ ዕጢ ነው፤ በተለይ እጅሽ የሚንቀጠቀጥ ወይም ሳትጾሚ የምትከሺ ከሆነ።

ቡና ተዪ አልልሽም። ቡና አብቃይ አገር ተቀምጬ፣ በየግቢው ሙቀጫ እየሰማሁ እንዲህ ብልሽ ደብዳቤውን ትቀጂዋለሽ። ነገር ግን የጠጣሽው ካፌይን ግማሹ ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላም ደምሽ ውስጥ ስላለ የመጨረሻዋ ስኒ ከቀኑ 9 ሰዓት አትለፍ። ቁጥሩን በሦስት አራት ቀን አንድ ስኒ እየቀነስሽ ወደ ሦስት አውርጂው፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይበቃል። በአንድ ቀን ብትቆርጪው ራስ ምታቱ ያስመርርሻል።

ስለ ጫቱም እንነጋገር። ተማሪ ሳለሁ በምርቃና ሌሊቱን ሙሉ ያነበቡ ጓደኞች ነበሩኝ። ገጽ ሲገለብጡ ያድራሉ፤ ፈተና ላይ ግን ያነበቡት ገጽ ከለሩ እንጂ ፍሬ ነገሩ አይመጣላቸውም ነበር። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ አነቃቂ ነው፤ ልብ ያፈጥናል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይነሣል፣ በማግስቱም ድብርት ይጥላል። አንቺ አሁን የጎደለሽ እንቅልፍና ምግብ ነው፤ ልብሽም ድው ድው ይላል ብለሻል። እምቢ በያቸው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ለጊዜው ሁለቱንም አትተዪ። እናትሽ ለጤናሽ ተጨንቀው ነው፤ ነገር ግን ኪራዩን የሚከፍል ሌላ ሰው ከሌለ ሥራ መተው የራሱን እንቅልፍ ማጣት ያመጣል። መቀየር ያለበት የሰዓቱ አደላደል ነው። ራትሽን ቤት ድረስ አታቆዪው፤ ካፌው ውስጥ ምሽት 1 ሰዓት ገደማ ምግብ ብዪ። እንዲህ ከሆነ 4 ሰዓት ተኩል ገብተሽ 5 ሰዓት መተኛት ትችያለሽ። 11 ሰዓት ሌሊት ተነሥተሽ እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት አንብቢ። ያው ስድስት ሰዓት ተኛሽ ማለት ነው፤ ካሰብኩት ያነሰ ቢሆንም ከአራት በእጅጉ ይሻላል። ሁለት ሰዓት በንቁ አእምሮ የተነበበ፣ ሦስት ሰዓት ያህል ከእንቅልፍ ጋር እየታገሉ ከተነበበው እንደሚበልጥ በአንድ ሳምንት ታዪዋለሽ። ቀን በክፍለ ጊዜ መሐል 20 ደቂቃ ጋደም በዪ፤ ከዚያ ከበለጠ ደንዝዘሽ ትነሻለሽ። እሑድም ከወትሮው ሁለት ሰዓት አርፍደሽ እንጂ እስከ ቀትር አትተኚ።

ቀጥሎ አሠሪሽን አነጋግሪ። በሳምንት 30 ሰዓት ትሠሪያለሽ፤ ይህ የትርፍ ሰዓት ሥራ ከመባል አልፏል። ስድስቱን ቀን ወደ አራት ማውረድ ቢቻል፣ ወይም ቅዳሜና እሑድ ቀን ረዘም አድርገሽ ሠርተሽ በሥራ ቀናት ምሽት ብትቀንሺ መልካም ነው። አሠሪዎች "ታምሜያለሁ" ከሚለው ይልቅ "ማታ ሰዓቴ ሲያልፍ ሒሳብ እየሳትኩ ነው" የሚለውን ቶሎ ይሰማሉ፤ ገንዘባቸው ነውና። ለፈተና ሁለት ሳምንትም የሚተካሽ ሰው ከአሁኑ ፈልጊ። ክረምቱ ሲገባ በጅማ ዝናብ ማታ 4 ሰዓት ባጃጅ መጠበቅ ሌላ ሸክም ስለሆነ ይህንንም አብረሽ አንሺው።

ሰገራሽ እንደ ቅጥራን ከጠቆረ፣ ደም ካስመለሰሽ፣ ራስሽን ከሳትሽ ወይም ደረትሽን ከወጋሽ ቀጠሮ ሳትጠብቂ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ሂጂ። ድንገት የመጣ ከዚህ በፊት የማታውቂው ብርቱ ራስ ምታት፣ ወይም ትኩሳትና የአንገት መገተር ያለበትም እንዲሁ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ምንም ነገር ደስ ካላለሽ፣ መኖርም ከከበደሽ ይህንንም ሳታፍሪ ለሐኪም ንገሪ፤ ሕክምና ያለው ነገር ነው።

ምርመራው በወር ውስጥ ቢሆን ደስ ይለኛል። እስከዚያ ድረስ የተኛሽበትን ሰዓት፣ የቡናውን ቁጥርና ራስሽን ያመመሽን ቀን በደብተርሽ ጀርባ መዝግቢ፤ ስትሄጂም እሱንና ስትወስጂ የቆየሽውን የኪኒን ማሸጊያ ይዘሽ ሂጂ።