መልስ፦ በጾም ሽሮ ለሰለቻት እህት
ሰላም እህቴ፣ "ሽሮ በሽሮ ሆነን ልጆቹም እምቢ አሉኝ፣ ጤናማ ነገር ምን ልስራ" ላልሽው፣ እኔ ቤት ቶሎ የሚያልቀው አዚፋ ነው። ድፍን ምስር (ክኩን አይደለም) ለቅመሽ አጥበሽ ሳይፈርስ ትቀቅይዋለሽ፣ ውሃውን አጠንፍፈሽ ሲቀዘቅዝ ግማሹን ብቻ በሹካ ጨፍለቅ፣ ከዛ ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ፣ ቃሪያ፣ ትንሽ ዘይት፣ ሎሚ፣ መጨረሻ ላይ ሰናፍጭ። የልጆቹን ቃሪያና ሰናፍጭ ሳይገባበት ቀንሺላቸው። ሎሚው ላይ እንዳትሰስቺ፣ ለጣዕም ብቻ እንዳይመስልሽ፣ ቫይታሚን ሲው የምስሩን አይረን ሰውነት በደንብ እንዲወስደው ያግዛል፣ ከምግብ በኋላ ወዲያው ሻይ ቡና መጠጣት ደግሞ ይቀንሰዋል (እኔ ቡናዬን መተው ስላልቻልኩ አንድ ሰዓት አቆየዋለሁ በቃ 😅)።

ሌላው ሱፍ ፍትፍት፣ ሱፉን ቀቅለሽ ከውሃ ጋር በብሌንደር ፈጭተሽ በንጹህ ጨርቅ አጥልይው፣ ዝንጅብል ሽንኩርት ቃሪያ ጨው አድርገሽ እንጀራ ፈትፍቺበት፣ ቀዝቀዝ ሲል ነው የሚጥመው። ጎመን ስትሰሪ ደሞ ቀቅለሽ ውሃውን አትድፊው፣ ቫይታሚኑ አብሮ ነው የሚሄደው። እናቴ ሁሌ ትደፋው ነበር እኮ!