ወዶ ዘማቾችና የኑክሌር ስጋት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ በሚገኘው የሩሲያ ኤምባሲ በር ላይ ለመዝመት የተሰለፉትን ወጣቶች ተመልክቼ ነበር። አሁን ደግሞ ታናሽ ወንድሜ ወደዚያው የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት ለመሄድ ያስባል። የውጭ አገር ተዋጊዎች መብዛት ጦርነቱን ወደ ኑክሌር ሊያሸጋግረው ይችላል ወይ? ወንድሜስ ቢማረክ ማን ይጠይቅለታል?
አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ሁለቱም ጥያቄዎችዎ ተዋጊው የሚታዘዘው ለማን ነው፣ ኃላፊነቱንስ የሚወስደው የትኛው መንግሥት ነው በሚለው ነጥብ ላይ ይገናኛሉ። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ቀኖች በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

የካቲት 20 ቀን 2014 ዓ.ም. የሩሲያው ፕሬዚዳንት ፑቲን የአገራቸው የኑክሌር ኃይል በልዩ የውጊያ ዝግጁነት ላይ እንዲሆን አዘዙ፤ በዚያው ቀን የዩክሬኑ ፕሬዚዳንት ዘለንስኪ የውጭ ዜጎች የሚሰለፉበት ዓለም አቀፍ ሌጊዮን የተባለ የጦር ክፍል መቋቋሙን አስታወቁ። ሆኖም ፑቲን ለትእዛዛቸው የሰጡት ምክንያት የምዕራባውያን ማዕቀብና የጦር ቃል ኪዳናቸው የኔቶ ባለሥልጣናት ንግግር ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ መጋቢት 4 ቀን፣ የሩሲያ ሚሳኤሎች ከፖላንድ ድንበር ብዙም በማይርቀው የያቮሪቭ ማሠልጠኛ ላይ ወደቁ። ዩክሬን 35 ሰዎች መሞታቸውን ገለጸች። በማሠልጠኛው ውስጥ ከኔቶ አባል አገሮች የመጡ ወዶ ዘማቾች ነበሩ፤ ይሁንና አንድም የኔቶ አባል አገር ራሱ እንደ ተጠቃ አልቆጠረውም። በግሉ የዘመተ ሰው የአገሩን መንግሥት ይዞ ወደ ጦርነት አይገባም።

መንግሥት የራሱን ጦር ሲያዘምት ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ለዚህም ከኮሪያ ጦርነት የተሻለ ምስክር አናገኝም። በጥቅምት 1943 ዓ.ም. ቻይና በመቶ ሺዎች የሚቆጠር መደበኛ ሠራዊቷን «የሕዝብ በጎ ፈቃደኞች» ብላ ከሰሜን ኮሪያ የሚያዋስናትን የያሉን ወንዝ አሻገረች። ጦሩ የአሜሪካንና የአጋሮቿን ሠራዊት ወደ ደቡብ ሲገፋ፣ ፕሬዚዳንት ትሩማን ኅዳር 21 ቀን ለጋዜጠኞች የአቶሚክ ቦምብን መጠቀም ሁልጊዜም ከሚታሰብባቸው ጉዳዮች አንዱ መሆኑን ተናገሩ። ንግግራቸው የፈጠረው ድንጋጤ የብሪታንያውን ጠቅላይ ሚኒስትር አትሊን በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ዋሽንግተን አስከንፏል። በዚያው ዓመት ኮሪያ የደረሰው የቃኘው ሻለቃችን የተዋጋው ከእነዚሁ «በጎ ፈቃደኞች» ጋር ነው።

በሰማዩ ላይ ደግሞ የሶቪየት አብራሪዎች የቻይና ልብስ ለብሰው፣ የሰሜን ኮሪያ ወይም የቻይና ምልክት በተቀባባቸው ሚግ 15 አውሮፕላኖች ይዋጉ ነበር። በሬዲዮ ሩሲያኛ እንዳይናገሩ ቢታዘዙም፣ ውጊያው ሲፋፋም በገዛ ቋንቋቸው መጮኻቸው አልቀረም። አሜሪካኖቹ ሰምተዋል፤ ነገሩ ይፋ ቢወጣ ግን ሕዝቡ በሶቪየት ኅብረት ላይ ጦርነት እንዲታወጅ ይጠይቃል ብለው ስለ ሰጉ ዝም አሉ። በእኛ እምነት ያን ጊዜ ዓለምን ከከፋ ጥፋት ካዳኑት ነገሮች አንዱ ሁለቱም ወገኖች የጠበቁት ይህ ዝምታ ነው።

ዛሬ ሁኔታው በጣም ያሳስበናል፤ ምክንያቱም ያ መሸፈኛ እየሳሳ ሄዷል። የኑክሌር መሣሪያ ባለቤት የሆነችው ሰሜን ኮሪያ በሰኔ 2016 ዓ.ም. ከሩሲያ ጋር የመረዳዳት ውል ከተፈራረመች በኋላ፣ በ2017 ዓ.ም. በሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮቿን በሩሲያ ምድር ወዳለው የኩርስክ ግንባር ልካለች፤ በኋላም ሁለቱ መንግሥታት ይህንኑ በይፋ አምነዋል። ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም. የጸደቀው የሩሲያ የኑክሌር መመሪያ ደግሞ፣ ኑክሌር የሌለው አገር ኑክሌር ባለው አገር ተሳትፎ ወይም ድጋፍ ጥቃት ከፈጸመ የሁለቱ የጋራ ጥቃት ተደርጎ እንደሚቆጠር ይደነግጋል። ስጋቱ ያለው በዚህ በመንግሥታት ድጋፍ ላይ እንጂ በወንድምዎ መሄድ ወይም መቅረት ላይ አይደለም።

ወደ ወንድምዎ እንምጣ። በ1969 ዓ.ም. የወጣው፣ የጦርነት ሕግ የሆኑት የጄኔቫ ስምምነቶች ተጨማሪ ፕሮቶኮል፣ በአንቀጽ 47፣ ቅጥረኛ ወታደር እንደ ጦር ምርኮኛ የመታየት መብት እንደሌለው ይናገራል። አንድን ሰው ቅጥረኛ ለማለት ግን በአንቀጹ የተዘረዘሩት ስድስት መመዘኛዎች ሁሉም መሟላት አለባቸው፤ በተፋላሚው አገር መደበኛ ሠራዊት ውስጥ በሕጋዊ መንገድ የተመዘገበ ሰው በዚህ ፍቺ ውስጥ አይወድቅም። ሕጉ ይህ ቢሆንም በሰኔ 2014 ዓ.ም. በምሥራቅ ዩክሬን፣ በዶኔትስክ፣ ሩሲያ የምትደግፋቸው ተገንጣዮች ፍርድ ቤት፣ በዩክሬን ጦር ውስጥ ያገለገሉ ሁለት ብሪታንያውያንንና አንድ ሞሮኳዊን በቅጥረኝነት ከስሶ ሞት ፈርዶባቸዋል። በቀጣዩ መስከረም የተፈቱት በሳውዲ አረቢያ አሸማጋይነት በተደረገ የምርኮኛ ልውውጥ ነው። ለወንድምዎ እንዲህ ያለ አማላጅ መገኘቱን አጥብቀን እንጠራጠራለን።

በ2014ቱ ሰልፍ ጊዜ የሩሲያ ኤምባሲ ራሱ ተዋጊ እንደማይመለምል በመግለጫ አስታውቆ ነበር። ስለዚህ ዛሬ ወንድምዎን «እናሻግርሃለን» የሚለው ሰው ማን እንደሆነና በማን ስም እንደሚናገር መጠየቅ የመጀመሪያው ሥራ ነው። ከኔፓልና ከህንድ ለሌላ ሥራ ተብለው ሄደው ግንባር ላይ የተገኙ ወጣቶች ብዙ ናቸው፤ ኔፓል በ2016 ዓ.ም. ለዜጎቿ ወደ ሩሲያና ወደ ዩክሬን የሥራ ፈቃድ መስጠት ያቆመችውም በዚሁ ምክንያት ነው። እንዳይሄድ አጥብቀው ይምከሩት። ውል ቀርቦለት ከሆነም ሳይፈርም ወረቀቱን በሚያነበው ቋንቋ አስተርጉመው ለሕግ ባለሙያ ያሳዩለት፤ ስሙ በየትኛው የጦር ክፍል መዝገብ እንደሚሰፍር፣ ውሉ መቼ እንደሚያበቃ፣ ቢሞት ወይም ቢማረክ ለቤተሰቡ የሚያሳውቀው ማን እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ።