ሠሪውም፣ ሻጩም፣ ፖስት አድራጊውም አንድ ሰው ሲሆን፦ ጥያቄና መልስ

አዲስ አበባ ውስጥ የቆዳ ቦርሳ እየሠራሁ ኦንላይን እሸጣለሁ። ሱቅ የለኝም። ቆዳውን የምገዛው፣ የምሰፋው፣ ፎቶ የማነሳው፣ ለደንበኛ የምመልሰው እኔው ነኝ። እንደኔ ብቻችሁን የምትነግዱ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ አዳማ ነኝ፤ ባልትና ነው የምሸጠው። ፌስቡክም፣ ቲክቶክም፣ ኢንስታግራምም፣ ቴሌግራምም ከፍቻለሁ። አራቱንም ማዳረስ አቃተኝ። የቱን ልተው?

መልስ፦ ሁለቱን ተዪ። አንዱ የማያውቁሽ ሰዎች የሚያገኙሽ ቦታ ይሁን፣ ሌላው የሚያውቁሽ የሚገዙበት። እዚህ አገር ለብዙዎቻችን የመጀመሪያው ቲክቶክ፣ ሁለተኛው ቴሌግራም ነው። ቲክቶክ ፎሎወር የሌለውን ሰው ቪዲዮም ለማያውቁት ያሳያል። ቴሌግራም በራሱ አዲስ ሰው እምብዛም አያመጣም፤ የመጣውን ግን ይይዝልሻል። ቻናሉ ውስጥ ያለ ሰው የለጠፍሽውን በተራው ያገኘዋል፣ ከሳምንት በኋላም ወደ ላይ ገፋ አድርጎ ያየዋል።

ደንበኞችሽ በዕድሜ ከፍ ያሉ እናቶች ከሆኑ ግን በቲክቶክ ቦታ ፌስቡክ ይግባ። በግምት አትወስኚ። በርበሬ ሲወስዱ ስልካቸው ላይ ምን ሲያዩ እንደሚያመሹ ጠይቂያቸው። የተዉሻቸውን ገጾች አትዝጊ፤ ስሙን ሌላ ይወስደዋል። «ትዕዛዝ በቴሌግራም» ብለሽ ሊንኩን ከላይ አስቀምጪና እርሺያቸው።

ጥያቄ፦ ኬክ ጋጋሪ ነኝ። እጄ ክሬም ውስጥ እያለ ስልኩ አያርፍም። ለማስታወቂያ በቀን ስንት ሰዓት ይበቃል?

መልስ፦ በቀን ብለሽ አታስቢው፣ በሳምንት አስቢው። እኔ ፎቶና ቪዲዮ የማነሳው በሳምንት አንድ ጠዋት ነው፤ መስኮት አጠገብ፣ መብራት ሳላበራ። አንድ ቦርሳ ሲነሳ ፊቱ፣ ጀርባው፣ ስፌቱ በቅርብ፣ ዚፑ ሲከፈትና ሲዘጋ ይነሳል። ከዚያ የግማሽ ሊትር የውኃ ፕላስቲክ ጎኑ አቆማለሁ። ይቺ ፕላስቲክ ስንት ጥያቄ እንዳስቀረችልኝ! «መጠኑ ምን ያህል ነው?» የሚል ሰው ጠፋ ማለት ይቻላል። አንቺም ኬኩን ብቻውን አታንሺው፤ ቢላና ሳህን አብረው ይታዩ፣ «ለ15 ሰው» ብለሽም ጻፊበት።

ያነሳሽውን በዚያው ቀን ለሳምንቱ ደርድሪው። ቴሌግራም ላይ የመላኪያውን ምልክት ተጭነሽ ስትይዢ ቀንና ሰዓት የመምረጫ አማራጭ ይመጣል። መብራት ቢጠፋ፣ ስልክሽ ቢዘጋም በሰዓቱ ይወጣል። ለፌስቡክና ለኢንስታግራም ሜታ ቢዝነስ ሱት የሚባለው ነፃ አፕ ይህንኑ ይሠራል።

መልስ መስጠቱ ነው ጊዜ የሚበላው። በቀን ሁለት ጊዜ መልሺ፤ አንዱ ምሳ ሰዓት፣ አንዱ ማታ። ሰዓቱን ፕሮፋይልሽ ላይ ጻፊው። ሰው መጠበቅ አይጠላም፤ የሚጠላው እስከ መቼ እንደሚጠብቅ አለማወቁን ነው።

ጥያቄ፦ ዋጋ መጻፍ አለብኝ? ሁሉም «ዋጋ በውስጥ መስመር» ነው የሚለው። ብጽፍ ተፎካካሪ ያየኛል።

መልስ፦ ጻፈው ወንድሜ። በዚህ ጉዳይ ግትር ነኝ።

ተፎካካሪህ ዋጋህን ማወቅ ከፈለገ በሌላ አካውንት «ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቅሃል፤ አንተም በደስታ ትነግረዋለህ። ስለዚህ የደበቅከው ከደንበኛህ ብቻ ነው። ደንበኛው ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ መጠየቁን አፍሮ ያልፋል፤ ምናልባት ገንዘቡ ነበረው። ሌላው ይጠይቅህና ዋጋውን ሲሰማ ይጠፋል። ለዚህኛው ያጠፋኸው ደቂቃ ነው ቀንህን የሚጨርሰው። ሠራተኛ ያለው ሱቅ ይህን ሊችለው ይችላል፤ ብቻህን ስትሆን ግን «ስንት ነው?» ለሚል መቶ ሰው መመለስ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ዋጋው በየትዕዛዙ ይለያያል የምትሉ፣ «ከ3,500 ብር ጀምሮ» በሉ። የዕቃ ዋጋ ስለሚዋዥቅ የምትፈሩ ደግሞ «ይህ ዋጋ እስከ ጥቅምት 30» ብላችሁ ጻፉ። ዴሊቨሪ ለብቻው ስንት እንደሆነም አብሮ ይግባ። የመጨረሻው ሰዓት ጭቅጭቅ የሚነሳው ከሱ ነው።

ዋጋ ከተጻፈም በኋላ «መጨረሻው ስንት ነው?» ማለቱ አይቀርም። አገሩ ነው፤ አትናደድ። «ዋጋው ቁርጥ ነው፣ ሁለት ከወሰዱ ግን ዴሊቨሪው በኔ» ብሎ መመለስ ይቀላል።

ጥያቄ፦ አንድ ዓይነት መልስ መጻፍ ሰለቸኝ። «አለ?» «የት ናችሁ?» «ዴሊቨሪ አላችሁ?»

መልስ፦ ዋትስአፕ ቢዝነስ በነፃ ይገላግልሻል። አጫጭር መልሶች አስቀምጠሽ በአንድ ቃል ትጠሪያቸዋለሽ፤ በሌለሽበት ሰዓት ራሱ የሚልከውም መልእክት አለ። ቴሌግራም ላይ ይህ ለፕሪሚየም ከፋዮች ነው፤ ሳይከፍሉም ግን መልሶቹን ሴቭድ ሜሴጅስ (ለራስ መልእክት የሚቀመጥበት ቦታ) ውስጥ ጽፎ እየቀዱ መላክ ይቻላል። የኔ አንዱ እንዲህ ይላል፦

«ሰላም፣ ስለጻፉልን እናመሰግናለን። ቦርሳው አለ፤ ጥቁርና ቡኒ። ዋጋው 3,500 ብር። አዲስ አበባ ውስጥ በሞተር እናደርሳለን፤ የሞተሩ ለብቻ ነው። ቀለሙን፣ ሰፈርዎንና ስልክዎን ይላኩልኝ፣ በሚቀጥለው ማክሰኞ ወይም ዓርብ ይደርስዎታል።»

መጨረሻው ላይ ደንበኛው ቀጥሎ ምን እንደሚልክ ተነግሮታል። «አዎ አለ» ብለሽ ብቻ ከተውሽው አምስት ጊዜ ትመላለሳላችሁ። «እናመሰግናለን» ማለቴን ያዩ ጓደኞቼ «እነማን ናችሁ?» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ።

ጥያቄ፦ ለቴሌግራም ቻናሌ 10 ሺህ ሜምበር የሚሸጥ ሰው አገኘሁ። ልግዛ?

መልስ፦ አትግዛ። ከሜምበሩ ቁጥር ይልቅ ከፖስቱ ሥር ያለችውን፣ ስንት ሰው እንዳየው የምትነግረውን የዓይን ምልክት እያት። 10 ሺህ ሜምበር ይዞ 90 ሰው ብቻ የሚያየው ቻናል ገና ሲታይ ያሳብቃል።

ጥያቄ፦ ፌስቡክ ላይ ቡስት ማድረግ (ከፍሎ ፖስትን ለብዙ ሰው ማሳየት) ፈልጌ የዶላር ካርድ የለኝም። በብር ከፍዬ የሚያደርግልኝ ልጅ አለ፣ ፓስዎርድ ስጪኝ ይለኛል።

መልስ፦ ፓስዎርድ በጭራሽ! በገጽሽ ሴቲንግ ውስጥ ማስታወቂያ ብቻ እንዲሠራ ፈቃድ መስጠት ይቻላል። ይህን አላውቅም የሚል ከሆነ ሥራውንም አያውቀውም። ሲጨርስ ስንት እንደወጣ፣ ለስንት ሰው እንደታየ፣ ስንት ሰው መልእክት እንደጻፈ የሚያሳየውን ገጽ አሳየኝ በዪው። «ላይክ በዛልሽ» ሪፖርት አይደለም።

ቡስት የሚደረገው ደግሞ በነፃ ሲለጠፍ ሰው የጠየቀበት ፖስት ነው። በነፃ ማንም ዞር ብሎ ያላየውን በገንዘብ ማሳየት ብር መበተን ነው። የምታደርሺው ቦሌና ሲኤምሲ ብቻ ከሆነም፣ መቀሌና ጅማ ላለ ሰው እንዲታይ አትክፈዪ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ አሠራለሁ። ውጭ አገር ላሉት መሸጥ እፈልጋለሁ፤ መቼ መቼ ይለጠፍ?

መልስ፦ እማማ፣ እርስዎ በበዓልና በሰርግ ይቁጠሩት። ለእንቁጣጣሽ የሚለበሰው በሐምሌ መታየት አለበት፤ ሽመናው አለ፣ ስፌቱ አለ፣ ከዚያ ደግሞ መንገዱ። በጥር ለሰርግ የሚመጡት ኅዳር ላይ ይወስናሉ። የሰሜን አሜሪካ ኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌስቲቫል በሰኔ መጨረሻ አካባቢ ነው፤ ለዚያ የሚያምር ልብስ የሚፈልግ ብዙ ነው፣ ሚያዝያ ላይ ይጀምሩት።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ዋሽንግተን ያለ ሰው ከሥራ ገብቶ ማታ 3 ሰዓት ስልኩን ሲያይ በእኛ ሌሊት 10 ሰዓት ነው፤ በእነሱ ክረምት ደግሞ 11። እርስዎ ተኝተው ይደሩ፤ ከላይ እንዳልኩት ሰዓት ተሞልቶለት ይውጣ። የልጅ ልጅዎ ያሳይዎታል። የሚደርስበትን ቀን ሲናገሩ በሁለቱም አቆጣጠር ይበሉት፤ «መስከረም 1» ብቻ ቢሉ እነሱ የራሳቸውን ሴፕቴምበር 1 ሊያስቡ ይችላሉ። ልኩንም በሴንቲሜትር ይጠይቁ፣ ሜትሩ የት የት እንደሚያዝ ልብሱን የለበሰች ልጅ ላይ በአጭር ቪዲዮ ያሳዩ። ሜሪላንድ የደረሰ ቀሚስ ለማጥበብ ተብሎ አይመለስም።

ጥያቄ፦ መገናኛ ላፕቶፕ እጠግናለሁ። ቲክቶክ ልጀምር?

መልስ፦ መጀመሪያ ጉግል ማፕ ላይ ሱቅህን አስመዝግብ፣ ነፃ ነው። ሰው ላፕቶፕ ጠጋኝ የሚፈልገው የተበላሸበት ቀን ነው፤ ያን ቀን ደግሞ «ላፕቶፕ ጥገና» ብሎ ይፈልጋል። የሕንፃውን ስም፣ ፎቁንና የቢሮ ቁጥሩን ጻፍ፤ የበሩን ፎቶም ጨምር። የጠገንክለት ደንበኛ ገና ደስታው ሳይበርድ ሊንኩን ልከህ አስተያየት እንዲጽፍ ጠይቀው።

ጥያቄ፦ የከፈለበትን ስክሪንሾት ይልካሉ፣ ብሩ ግን አልገባም።

መልስ፦ ስክሪንሾት ክፍያ አይደለም። በቴሌብርም ይሁን በባንክ፣ የራስሽን አፕ ከፍተሽ ብሩ መግባቱን ሳታዪ ዕቃው ከቤት አይውጣ። ሞተረኛው በር ላይ ቆሞ ቢያጣድፍሽም።

ጥያቄ፦ የቱ እንደሚሸጥልኝ በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ጠይቅ። ለሚያዝ ሁሉ «የት አዩን?» በል፣ ደብተር ላይ ጻፍ። እኔ ደብተሬ ላይ ስም፣ ሰፈር፣ ዕቃ፣ የት አየኝ የሚሉ አራት መስመሮች አሉ። በወሩ መጨረሻ ስቆጥረው ብዙ ጊዜ የሚበልጠው «ጓደኛዬ ጋ አይቼ» ነው። ስለዚህ በየቦርሳው ውስጥ የቻናሉ ሊንክ ያለበት ካርድ እከታለሁ። ለበዓል «እንኳን አደረሳችሁ» የሚል ፖስተር ማሠራት ግን ትቻለሁ፤ ያን ቀን ሁሉም ይልካል፣ ማንም አያነበውም።

ጥያቄ፦ ፊቴን ማሳየት አልፈልግም፣ ቲክቶክ ይሆነኛል?

መልስ፦ ይሆንሻል። እጅሽን አሳዪ። ሰው ሲሠራ ማየት ይወዳል፤ ቆዳ ሲቆረጥ፣ መርፌ ሲገባ። የሚያምረውን ነገር መጀመሪያ አስገቢው፤ «ሰላም ተመልካቾቻችን» እስክትዪ ሰው አልፎሽ ሄዷል። አማርኛ ጽሑፍም ጨምሪበት፣ ታክሲ ውስጥ ድምፅ ዘግቶ የሚያይ ብዙ ነው።

ጥያቄ፦ የቴሌግራም ቻናሌ እንዳይሰረቅ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን (ከኮዱ ሌላ የራስህን ፓስዎርድ የሚጠይቀውን) ዛሬውኑ አብራ። በስልክህ የሚመጣውን ኮድ «ከቴሌግራም ነው የምንደውለው» ለሚልም፣ ለጓደኛህም አትስጥ። የምታምነው የቤተሰብ ሰው ደግሞ ሁለተኛ አድሚን ይሁን።

ጥያቄ፦ ሥራው በዛብኝ። መጀመሪያ የምቀጥረው ፖስት የሚያደርግልኝን ነው?

መልስ፦ አይመስለኝም። ዕቃውን የሚያውቀው አንቺ ነሽ፣ ደንበኛውም ያንቺን አነጋገር ለምዷል። መጀመሪያ የሚቀጠረው የሚያሽግና ከሞተረኛ ጋር የሚነጋገር ሰው ነው፤ ያውም በሳምንት ለሁለት ቀን። እኔ ማክሰኞና ዓርብ ከሰዓት የምታግዘኝ ልጅ ይዣለሁ። ዴሊቨሪውንም ወደ እነዚያ ሁለት ቀናት ሰብስቤዋለሁ፤ የቸኮለ ካለ የሞተሩን ከፍሎ በፈለገው ቀን ይወስዳል።