ጥያቄና መልስ፦ ኬራቲን፣ ቆዳና በዘር የሚተላለፍ ሕመም

ከዚህ በታች የቀረቡት ጥያቄዎች ሁሉም የቆዳ፣ የፀጉርና የጥፍር ዋና ፕሮቲን የሆነውን ኬራቲንን የሚመለከቱ ናቸው። በደብዳቤ ብቻ በሽታን መለየት ስለማይቻል መልሶቹ የቆዳ ሐኪምን ምርመራ አይተኩም።

ጥያቄ (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)፦ የአራት ዓመት ልጄ መዳህ ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ እጁና እግሩ ውኃ ይቋጥራል፤ ሙቀቱ ሲበረታ ይብስበታል። በእኔም ሆነ በአባቱ ወገን እንዲህ ያለ ሕመም የለም። አማቴ ግን በእርግዝናዬ ጊዜ ባደረግሁት ነገር የመጣ ነው ይሉኛል። እውነት ይሆን?

መልስ፦ እውነት አይደለም፤ አማትዎም ይህን ዓምድ ቢያነቡት ደስ ይለኛል። የገለጹት ምልክት ኤፒደርሞሊሲስ ቡሎሳ ሲምፕሌክስ ከሚባለው ሕመም ጋር ይመሳሰላል። የላይኛው ቆዳችን የመጨረሻው የታችኛው ረድፍ ሕዋሳት ጥንካሬያቸውን የሚያገኙት ኬራቲን 5 እና ኬራቲን 14 የተባሉት ፕሮቲኖች እንደ ገመድ ተገምደው ከሚሠሩት መረብ ነው። የኬራቲን 5 ዘረመል በ12ኛው፣ የኬራቲን 14 ደግሞ በ17ኛው ክሮሞዞም ላይ ይገኛል። ከሁለቱ በአንዱ ላይ አንዲት የዘረመል ፊደል ስትለወጥ የተበላሸው ፕሮቲን ከደህናው ጋር አብሮ ስለሚገመድ ገመዱን በሙሉ ያላላዋል፤ ከሌላው ወላጅ የተወረሰው ጤናማ ቅጂ ልጁን ከሕመሙ የማያድነውም በዚህ ምክንያት ነው። ቆዳው በታሸ ቁጥር ሕዋሳቱ ይቀደዳሉ፣ በተቀደደው ቦታም ውኃ ይሞላል። ተመራማሪዎች የዚህን ሕመም ምክንያት በኬራቲን 14 ላይ ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1991 ሲሆን፣ በፕሮቲኑ 125ኛ ቦታ ላይ ያለው አርጂኒን የተባለ አሚኖ አሲድ ሲለወጥ ሕመሙ ከባድ እንደሚሆን ታውቋል። የልጅዎ ሕመም በእጅና በእግር ብቻ የተወሰነ ከሆነ ቀለል ካለው ዓይነት ሊመደብ ይችላል።

በቤተሰቡ ውስጥ ማንም ሳይታመም ልጁ እንዴት ታመመ ለሚለው፣ ለውጡ የአባት ወይም የእናት የዘር ሕዋስ በሚፈጠርበት ጊዜ እንደ አዲስ ሊከሰት ይችላል። እናት የበላችው፣ የሠራችው ወይም የደነገጠችበት ነገር ከዚህ ጋር ግንኙነት የለውም። ቀጣዩ ልጅዎ የመታመም ዕድሉ ዝቅተኛ ነው፤ ፈጽሞ የለም ግን አይባልም። ይህ ልጅዎ አድጎ ሲወልድ ግን እያንዳንዱ ልጁ ሕመሙን የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ይሆናል።

የድሬዳዋ ሙቀት ሕመሙን ማባባሱ የታወቀ ነው፤ ላብና ፍትጊያ አንድ ላይ ሲሆኑ ቆዳው ቶሎ ይላጣል። ስለዚህ ኮንጎ ጫማ ይቅርበት፤ ሰፋ ያለ ለስላሳ ጫማ ከጥጥ ካልሲ ጋር ያድርግ፣ ቀትር ላይ እግሩን በቀዝቃዛ ውኃ ያቀዝቅዙለት። ውኃ የቋጠረውን ቦታ ንጹሕ በሆነ የሕክምና መርፌ ወግቶ ማፍሰስ ይቻላል፤ የሸፈነውን ቆዳ ግን መላጥ አይገባም፣ ቁስሉን የሚሸፍነው እርሱ ነውና። ፕላስተር በቀጥታ ቆዳው ላይ አይለጥፉ፤ ሲነሣ ቆዳውን ይዞ ይመጣል። መግል ወይም ትኩሳት ካዩ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።

ጥያቄ (ከጁገል፣ ሐረር)፦ የእጄ መዳፍና የእግሬ ውስጥ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ወፍራምና ቢጫ ነው። አባቴም አያቴም እንዲሁ ነበሩ። የእጮኛዬ ቤተሰቦች ሥጋ ደዌ ነው ብለው ሠግተዋል። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ተብሎ በተቋቋመው በቢሲዲሞ አካባቢ የሚኖር ሰው እንዲህ ቢጠረጥር አይገርመኝም። ይሁን እንጂ ሥጋ ደዌ ስሜትን ያደነዝዛል፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ወገን የሚጀምሩ የደበዘዙ ምልክቶችን ያሳያል፤ የእርስዎ ግን ከሕፃንነት የጀመረ፣ በሁለቱም እጆችና እግሮች እኩል የወጣና ከአያት ወደ ልጅ የወረደ ነው። ይህ አገላለጽ የኬራቲን 9 ዘረመል ለውጥ ለሚያመጣው የመዳፍና የውስጥ እግር መወፈር ይቀርባል። ኬራቲን 9 በዋናነት የሚመረተው በመዳፍና በውስጥ እግር ቆዳ ስለሆነ ሌላው ሰውነትዎ ጤነኛ መሆኑ የሚጠበቅ ነው። በመጨባበጥም ሆነ አብሮ በመኖር አይተላለፍም። ለማረጋገጥ ሐኪም ስሜትዎን ይመርምር፤ ሥጋ ደዌ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ከ6 እስከ 12 ወር በሚወሰድ መድኃኒት የሚድን በሽታ ነው። የወፈረውን ቆዳ ውኃ ውስጥ አቆይተው ካለሰለሱ በኋላ በእግር ድንጋይ ቀስ ብለው ያሹት፣ ዩሪያ ያለበት ቅባትም ይረዳል፤ ምላጭ ግን አይንኩ። ለእጮኛዎ ሊነግሩ የሚገባው እያንዳንዱ ልጃችሁ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ መሆኑን ነው።

ጥያቄ (ከመጋላ፣ ድሬዳዋ)፦ የአጎት ልጅ ማግባት እነዚህን ሕመሞች ያመጣል?

መልስ፦ አብዛኞቹ የኬራቲን ሕመሞች ከአንድ ወላጅ በሚወረስ አንድ ቅጂ ብቻ ስለሚታዩ የዘመድ ጋብቻ ዋና ምክንያታቸው አይደለም። ከሁለቱም ወላጆች ሲወረሱ ብቻ የሚታዩ ጥቂት የኬራቲን 14 ዓይነቶች ግን አሉ፤ በእነዚህና በሌሎች ብዙ ሕመሞች ረገድ የዘመድ ጋብቻ ሥጋቱን ከፍ ያደርጋል።

ጥያቄ (ከከዚራ፣ ድሬዳዋ)፦ ፀጉር ቤት «ኬራቲን» ሲሠሩልን ቆዳችንንም ያጠነክራል?

መልስ፦ አያጠነክርም። ከውጭ የተቀባ ኬራቲን ወደ ዘረመል አይደርስም። ፀጉሩን የሚያለሰልሰው በአብዛኛው ፎርማልዴሃይድ ወይም የሚያመነጨው ኬሚካል ከጋለ ካውያ ጋር ሆኖ ነው፤ ዓይንና መተንፈሻን ይቆጠቁጣል። ቆዳው በቀላሉ የሚላጥ ሰው ቢርቀው ይሻላል።

ጥያቄ (ከሐረር)፦ ለቆዳ መላጥ የዘረመል ጄል መድኃኒት ውጭ አገር እንደተፈቀደ ሰማሁ። ገንዘብ አሰባስበን ብናስመጣስ?

መልስ፦ የሰሙት እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ የተፈቀደው ጄል ይመስለኛል። ያ ጄል የሚሠራው ኮላጅን 7 የተባለውን ፕሮቲን የሚሠራው ዘረመል ለጎደለባቸው፣ ዲስትሮፊክ ለሚባለው ዓይነት ሕሙማን እንጂ ለኬራቲን ሕመም አይደለም። በኬራቲን ሕመሞች የተበላሸው ቅጂ ደህናውን ስለሚያውክ ደህና ቅጂ መጨመር ብቻውን አይበቃም፤ የተበላሸውን ዝም ማሰኘትም ያስፈልጋል፣ ይህም ገና በምርምር ላይ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከማሰባሰባችሁ በፊት የትኛው ዘረመል እንደተለወጠ በምርመራ ይለይ፤ ምርመራው ኬራቲን 5 ወይም 14 ካለ ያንን ጄል ማስመጣት ጥቅም የለውም።