የምክር ቤት ሥራ ፈተና ቀርቦብኛል፤ ሕገ መንግሥቱን እንዴት ላጥናው?

ጥያቄ፦ በታሪክ ትምህርት ዲግሪ አለኝ። በአንድ የክልል ምክር ቤት ጽሕፈት ቤት ለጀማሪ ባለሙያነት አመልክቼ ለጽሑፍ ፈተናና ለቃለ መጠይቅ ተጠርቻለሁ። «ሉዓላዊነት»፣ «የሥልጣን ክፍፍል»፣ «ሕገ መንግሥታዊነት» የሚባሉትን ትርጉማቸውን ሸምድጃለሁ። ጥያቄው ትንሽ ዞር ብሎ ሲመጣ ግን ሁሉም ይምታታብኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ! ለፈተና መጠራት ራሱ ቀላል አይደለም።

መሸምደዱን ተዪውና የትኛውንም አንቀጽ ስታነቢ ሁለት ነገር ጠይቂ። እዚህ ላይ የሚወስነው ማነው? ከሥልጣኑ ቢያልፍስ ማን ያስቆመዋል? ሕገ መንግሥታዊነት የሚባለው ለሁለተኛው ጥያቄ በተግባር የሚሠራ መልስ ሲኖር ነው። አገራችን በ1923፣ በ1948 እና በ1980 ዓ.ም. የተጻፉ ሕገ መንግሥቶች ነበሯት። የተጻፈ ሰነድ መኖሩ ብቻ ግን ገዢውን አልገደበውም። የታሪክ ተመራቂ ስለሆንሽ ይህን ከማንም በላይ ማስረዳት ትችያለሽ። ሉዓላዊነትንም፣ ማለትም የበላዩ ሥልጣን የማን ነው የሚለውን፣ በዚሁ መንገድ ያዢው። የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ለሕዝቡ የሰጡት ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው፤ የሥልጣኑም ምንጭ እሳቸው ነበሩ። አሁን በሥራ ላይ ያለው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 8 ደግሞ ሉዓላዊ ሥልጣንን ለብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ይሰጣል።

የሥልጣን ክፍፍል ላይ ብዙ ተፈታኝ የሚሳሳተው የአሜሪካን ዜና እያሰበ ስለሚመልስ ነው። የእኛ ሥርዓት ፓርላሜንታዊ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚመረጠው ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል ነው። አብላጫ መቀመጫ ያገኘው ፓርቲ ወይም የፓርቲዎች ጥምረት አስፈጻሚውን ያደራጃል። ስለዚህ ሕግ አውጪውና አስፈጻሚው እንደ አሜሪካ ተራርቀው የቆሙ አይደሉም። ፕሬዚዳንቱም ሕግን ውድቅ ማድረግ አይችልም። በአንቀጽ 57 መሠረት በ15 ቀን ውስጥ ካልፈረመ ሕጉ ያለ ፊርማው ሥራ ላይ ይውላል።

አሁን ዋናው ላይ ደረስን። ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው ማነው? «ፍርድ ቤት» ብለሽ እንዳትመልሺ። በአንቀጽ 62 እና 83 መሠረት የመጨረሻው ውሳኔ የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ተወካዮች የሚቀመጡበት የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። 11 አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ መርምሮ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርብለታል። ጉባኤውን የሚመራው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ነው።

ለዚህ ከ2012ቱ ክርክር የተሻለ ማጥኛ የለም። ኮሮና ገብቶ ምርጫ ቦርድ በተያዘው ጊዜ ምርጫ ማካሄድ እንደማይችል አሳወቀ። አንቀጽ 54 ደግሞ ምርጫ በየ5 ዓመቱ ይደረጋል ይላል። የምክር ቤቱ ዘመን ሊያልቅ ነው፤ ምርጫ የለም። ምን ይሁን? የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የትርጉም ጥያቄ አቀረበ። አጣሪ ጉባኤው ምሁራንን በቴሌቪዥን በሚተላለፍ መድረክ ሰማ። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰኔ 3 ቀን 2012 የሥልጣን ዘመኑ እንዲራዘም ወሰነ። ምርጫው የተካሄደው ሰኔ 14 ቀን 2013 ነው። ውሳኔው ብዙ ተቃውሞም ገጥሞታል። አንድ የፖለቲካ አካል የፖለቲካ ሥልጣን ስለሚራዘምበት ጉዳይ እንዴት ገለልተኛ ዳኛ ይሆናል? ይህ ሥጋት በእኔ እይታ ከባድ ነው። በሌላ በኩል ሕገ መንግሥቱ የብሔሮችና የሕዝቦች ቃል ኪዳን ከሆነ፣ የሚተረጉሙትም የእነሱ ተወካዮች ይሁኑ የሚለው መከራከሪያ ተራ ሰበብ አይደለም። በቃለ መጠይቁ ቢመጣብሽ ሁለቱንም ወገን በቅንነት አቅርቢ፤ ከዚያ የራስሽን አቋም ተናገሪ። ፈርተሽ «ሁለቱም ልክ ነው» አትበይ።

የሕጎችን ደረጃ ቶሎ ትይዢዋለሽ። በፌዴራል ደረጃ አዋጅ የሚያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ ደንብ የሚኒስትሮች ምክር ቤት፤ መመሪያ ደግሞ ሥልጣን የተሰጠው መሥሪያ ቤት። የታችኛው ከላይኛው ጋር መጋጨት የለበትም፤ ሁሉም ከሕገ መንግሥቱ በታች ናቸው።

አንድ ነገር ግን እንዳትዘነጊ። የምትወዳደሪው ለክልል ምክር ቤት ነው። ስለዚህ አንቀጽ 50 እና 52 ላይ ጊዜ ውሰጂ። ለፌዴራል መንግሥቱ ብቻ ወይም ለሁለቱ በጋራ በግልጽ ያልተሰጠ ሥልጣን የክልል ነው። የክልል ምክር ቤቶች የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላትን ይመርጣሉ፤ ወይም ሕዝቡ በቀጥታ እንዲመርጥ ያደርጋሉ። ምዕራፍ ሦስት ላይ ያሉትን መብቶች ለማሻሻል ደግሞ ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች በድምፅ ብልጫ ማጽደቅ አለባቸው፤ አንዱ እንኳ እምቢ ካለ ማሻሻያው ይቀራል። ከዚያ የክልሉን የራሱን ሕገ መንግሥት ፈልገሽ ስለ ምክር ቤቱ የሚናገረውን ክፍል አንብቢ። ፈታኞችሽ በየቀኑ የሚሠሩት በእሱ ነው።