ልጅ ትታችሁ ለምትሄዱ፦ ጥያቄያችሁና መልሴ

ሪያድ ስድስት ዓመት ሠርቼ ነው የተመለስኩት። ስሄድ ልጄ ዓመት ከስምንት ወሯ ነበር። ለዐረብ አገር የምትዘጋጁ እናቶች ጠይቁኝ ብዬ ነበርና ጥያቄዎቻችሁ እነሆ። ደላላ አይደለሁም፤ ሂዱም ቅሩም አልላችሁም።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ እህቴ፣ ልጄ ገና ስምንት ወሩ ነው፣ ይጠባል። በረራሽ ከሁለት ወር በኋላ ነው ብለውኛል። ጡት መቼ ላስጥለው?

መልስ፦ ከአሁኑ ጀምሪ፣ ግን ባንዴ አታቋርጪበት። መጀመሪያ የቀኑን አንዱን ተዪ፣ ቆይተሽ ሌላውን፤ የሌሊቱ መጨረሻ ላይ ይሁን። እኔ መሄጃዬ ሲደርስ እሬት ቀብቼ ነው ያስጣልኳት፤ ልጅቷ በአንድ ሳምንት ውስጥ ጡትም እናትም አጣች። እኔም አውሮፕላን ውስጥ ጡቴ አጋቶ፣ ቀሚሴ ረጥቦ፣ በሻርፕ ተሸፍኜ ነው የደረስኩት። የዘጠኝ ወሩን የኩፍኝ ክትባት ራስሽ አስከትቢው። ሁለተኛው በ15 ወሩ ነው፤ ያኔ አንቺ የለሽም፣ ስለዚህ ካርዱን ስትሰጪያቸው ቀኑንም አስጠኚያቸው።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ልጄ ሁለት ዓመቷ ነው። ተኝታ ሳለች ውልቅ ብል አይሻልም? ስታለቅስ ካየሁ እቀራለሁ።

መልስ፦ ጎረቤት ሁሉ የሚመክረው ይህንኑ ነው፤ እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነው። እናቴ እንደነገረችኝ ልጄ ለወራት በር በተንኳኳ ቁጥር ትሮጥ ነበር። ማታ የአያቷን ነጠላ ጫፍ በጡጫዋ ካልጨበጠች አትተኛም፤ እንቅልፍ ሲወስዳት ሰው እንደሚጠፋ ተምራለቻ! ቆመሽ ተሰናበቻት። ታልቅስ። «ሥራ ልሄድ ነው፣ አንቺ አያትሽ ጋ ትሆኛለሽ፣ በስልክ እናወራለን» በያት። «ነገ እመጣለሁ» ግን እንዳትዪ።

ከዚያ በፊት ደግሞ፣ የምትቀርበት ቤት ሁለት ሦስት ሳምንት አብረሻት ክረሚ። ማጉረሱን፣ ማጠቡን፣ ማስተኛቱን ለአሳዳጊዋ ልቀቂላት፤ አንቺ ዳር ቁጭ ብለሽ እዪ። ይከብዳል። ሻንጣ ከመሙላት ይልቅ ዝግጅት ማለት ግን ይሄ ነው።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ምን ምን ወረቀት ላውጣ? ልጁ እህቴ ጋ ነው የሚቀረው።

መልስ፦ የልደት ምስክር ወረቀቱን ከወረዳ፣ ከወሳኝ ኩነት አውጪ። ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄደሽ ለእህትሽ ውክልና ስጪ፤ ትምህርት ቤት ማስመዝገብና ማሳከም በግልጽ ይጻፍበት። ቤት ወይም ቦታ ካለሽ መሸጥ መለወጥ የሚል ቃል እንዳይገባበት አንብበሽ ፈርሚ። አባትየው በሕይወት ካለ የሕግ ባለሙያ አማክሪ።

ጥያቄ (ከወልድያ)፦ ደላላው ለቪዛና ለቲኬት ክፈዪ እያለኝ ነው።

መልስ፦ አትክፈዪ! በ2008 የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ቪዛውንም ቲኬቱንም አሠሪው እንዲከፍል ነው ያዘዘው። ያንቺ ወጪ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራ፣ የሙያ ብቃት ማረጋገጫና የመሳሰለው ነው።

ጥያቄ (ከጅማ)፦ እቴ፣ ብሩን ለማን ልላክ?

መልስ፦ በራስሽ ስም ሒሳብ ከፍተሽ ሂጂ። ለአሳዳጊዋ ወር በወር የተቆረጠ ላኪላት፣ ቀሪው ባንቺ ሒሳብ ይግባ። እናትሽም ብትሆን።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ እዚያ ስልክ ያስደውላሉ?

መልስ፦ እንደ ማዳሟ፣ እንደ አሠሪሽ ነው። የቤተሰብሽን ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፈሽ ልብስሽ ውስጥ ያዢ፣ ስልክሽን ሊወስዱብሽ ይችላሉ። የሪያድ ሰዓት ከኛ ጋር አንድ ነው፤ ዱባይ በአንድ ሰዓት ይቀድማል። ዱባይ የዋትሳፕ ጥሪ ስለማይሠራ ቦቲም የሚባለውን የመደወያ አፕ አሁኑኑ እናትሽ ስልክ ላይ ጫኚላት። ሌላው ደግሞ የጫማና የልብስ ልክ ነው፤ ልጅ በስልክ ሲታይ ማደጉ አይታወቅም። መጀመሪያ በግምት የላክሁት ጫማ ተረከዟን እንኳ አላስገባም። ከዚያ ወዲህ እናቴ እግሯን በክር ለክታ ክሩን በሚመጣ ሰው ትልክልኝ ጀመር። አምስቱም ክሮች እስካሁን አሉኝ።

ጥያቄ (ከጎንደር)፦ ስመለስ ታውቀኝ ይሆን?

መልስ፦ ላታውቅሽ ትችላለች። የኔዋ ቦሌ ላይ አያቷ ቀሚስ ውስጥ ተደብቃ «እትዬ» አለችኝ። «እማ» አያቷ ናት፣ ዛሬም። እኔ በሁለተኛው ሳምንት «አሁንስ ከኔ ጋ ነው የምትተኚው» ብዬ አልጋዬ ላይ አስተኛኋት። ሌሊት ስነቃ የለችም፤ በባዶ እግሯ ሄዳ የእናቴን ነጠላ ጨብጣ ተኝታለች።